በቃል የታዘዘ ሜሞሪ

የጁባ ሕዝብ ለነፃነቱ ድምፅ ከሰጠበት ሕዝበ ውሳኔ በፊት በነበረው ዓመት፣ አንድ አርብ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ከወንዙ ማዶ ካለችው ሸሪካት ወደ ጁባ ከተማ የምትመለስ ሚኒባስ ድልድዩ መካከል ስትደርስ ቆመች። ከፊቷ የነበረ የጭነት መኪና ጎማው ፈንድቶ መንገዱን ዘግቷል። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ተሳፋሪው ጥቂት አጉረመረመና ዝም አለ። ሙቀቱ ለማጉረምረምም አያመችም ነበር።

አቶ ገብረየስ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ወንዙን ያያሉ። እንቦጩ እንደ ትንንሽ ደሴት እየተቆራረጠ ቁልቁል ይሄዳል። ብዙ ሲያዩት ውኃው የቆመ፣ ድልድዩ ደግሞ ተሳፋሪውን እንደያዘ ሽቅብ የሚጓዝ መሰላቸው። ዓይናቸውን ከደን አደረጉ። በሁለት መዳፋቸው መካከል በፕላስተር የታሸገች ትንሽ ፖስታ ይዘዋል። ሃምሳ ቀን ሙሉ የጠበቋት ፖስታ ናት።

“ጌታ ሆይ፣ አደረስክልኝ” አሉ በለሆሳስ።

“ምን አደረሰልዎት፣ አባባ?”

አቶ ገብረየስ ደንገጥ ብለው ዞሩ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ቀጭን ረዥም ወጣት፣ ጭኗ ላይ የመሣሪያ ቦርሳ ያስቀመጠች የአገሩ ልጅ ናት።

“አማርኛ ትችያለሽ?”

“ጋምቤላ ነው ያደግኩት። ትምህርቴን አዲስ አበባ ጨርሼ ነው ወደ አገሬ የገባሁት። ኛዱኦት እባላለሁ። ኮምፒዩተር እጠግናለሁ።”

“ኮምፒዩተር!” አሉ አቶ ገብረየስ። “እንግዲያውስ ጌታ ነው አጠገቤ ያስቀመጠሽ። በዚህች ፖስታ ውስጥ ያለው የኮምፒዩተሬ ሜሞሪ ነው። ከአዲስ አበባ መጣልኝ።”

እዚህ ላይ ስለ አቶ ገብረየስ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በአገራቸው በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የታይፕ ጸሐፊ ነበሩ። ጁባ ከመጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ኒምራ ታላታ በሚባል ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ለሰው ማመልከቻና ደብዳቤ ይጽፋሉ። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተርና አንድ ማተሚያ አላቸው። ሰው የነገራቸውን ሁሉ ሳያዛንፉ በመጻፍ የታወቁ ናቸው። የራሳቸውን ጉዳይ ግን አንድም ቀን ጽፈው አያውቁም። ራቅ ካለ አገር ዕቃ ሲፈልጉ ለሚሄድ ወንድም በቃል ይናገራሉ። ለታመነ ሰው ወረቀት ማስያዝ፣ “ትረሳለህ፣ ትሳሳታለህ” ብሎ እንደ መናገር ይቆጥሩታል። ይህ ልማድ ከእሳቸው ጋር ብቻ ያለ አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ነው።

“ማየት እችላለሁ?” አለች ኛዱኦት።

አቶ ገብረየስ ፕላስተሩን በጥፍራቸው ላጡ። ከፖስታው ውስጥ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ነገር መዳፋቸው ላይ ወደቀች። እሳቸውም ለካ ሲያዩዋት ገና የመጀመሪያቸው ነው። በጣታቸው ገለበጧት።

“መቼም ዘመኑ ሁሉን ነገር እያሳነሰው ሄዷል” አሉ በመጨረሻ። “የድሮው የመዳፌን ርዝመት ያህል ነበር። አዲሱ ይኸው ጥፍር አከለ።”

ኛዱኦት ከንፈሯን ነከሰች። “አባባ፣ አይቆጡኝና፣ ይሄ የስልክ ነው።”

“የምን ስልክ?”

“የእጅ ስልክ። ዘፈን የሚጫንበት።”

“እኔ ዘፈን አላዘዝኩም!”

ከኋላ መቀመጫ የነበረ አንድ አማርኛ የሚሰማ ወጣት ሳቁን ለቀቀው። ኛዱኦትም አፏን በእጇ ሸፍና፣ “መዝሙርም ይጫንበታል” አለች፤ ልታጽናናቸው ብላ ነው።

አቶ ገብረየስ አልሳቁም። ጥቁሯን ነገር ወደ ብርሃኑ አንስተው አዩዋት። ከዚያም መልሰው ፖስታው ውስጥ ከተቷት። የፖስታውንም አፍ ጠንቅቀው አጣጠፉት። ልጅቱ ይህን አይታ ሳቋን አቆመች።

“ምን ብለው ነበር ያዘዙት?”

“ሜሞሪ ብዬ ነዋ! ባለ አንድ ጊጋ ሜሞሪ። ዳዊ የሚባል ወንድም አለ፣ በአንድ ጉባኤ ነው የምንጸልየው፤ ሸሪካት ነው የሚኖረው። ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ነገርኩት።”

“በጽሑፍ?”

“በቃል። ቃል ይበቃል። ወንድሜ እኮ ነው።”

“ይኸዋ አባባ። አዲስ አበባ ሱቅ ገብተው ሜሞሪ ካሉ የሚሰጥዎት ይሄንን ነው። ሕዝቡ ሁሉ ሜሞሪ የሚለው የስልኩን ነው። ዳዊ አልበደለዎትም፤ ሻጩም አላታለለውም። አንድ ስም ለሁለት ዕቃ ሆነ እንጂ። የተበላሸውን አውጥተው ቢሰጡትስ ኖሮ? ከዚያ ጋር እያስተያየ ይገዛ ነበር።”

አቶ ገብረየስ የኮታቸውን የውስጥ ኪስ ዳበሱ። በመሐረብ የተጠቀለለ ረዥም አረንጓዴ ነገር አወጡ። የሞተው ሜሞሪ ነበር። ከኮምፒዩተሩ ከወጣ ጀምሮ ከደረታቸው አልተለየም። ዳዊን ሲሸኙትም እዚያው ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

“ናሙና አስይዤ ልላከው?” አሉ። “እንደ ተላላኪ?”

ድልድዩ ላይ ሰዎች የጭነት መኪናውን ጎማ ለማንሳት ይጮኻሉ። ድምፃቸው ከሩቅ፣ ከውኃ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል።

“ለምን ጁባ ውስጥ አልገዙም?” ብላ ጠየቀች ኛዱኦት።

አቶ ገብረየስ ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ። “በዚህ ከተማ? ዝርፊያ ነው! ከስተም ገበያ ዓሊማ የምትባል ሴት አለች። ሁለት ወር ሊሆን ነው፤ ገብቼ ጠየቅኋት፤ መቶ አርባ ፓውንድ አለችኝ። አዲስ አበባ ላለች እህቴ ደውዬ ዋጋውን አስጠየቅሁ፤ መቶ ሃያ ብር። ብር! የዓሊማ ዋጋ ወደ ብር ሲመጣ ስድስት እጥፍ ይበልጣል። ተመልሼ ሄጄ ሌባ ነሽ አልኳት። ሰው ፊት።”

“እህትዎ የጠየቁት የምኑን ዋጋ ነበር?”

“የሜሞሪውን።”

“የየትኛውን?”

አቶ ገብረየስ ፖስታዋን አዩ። ነገሩ ቀስ ብሎ ገባቸው፤ ውኃ ጨርቅ ውስጥ እንደሚገባ። የፍየል ዋጋ ጠይቀው የበሬ ነጋዴ ላይ ነበር የተቆጡት።

“ትክክለኛው ዕቃ አዲስ አበባም ከአምስት መቶ ብር አያንስም” አለች ኛዱኦት። “እርግጥ ነው፣ ከጁባ ይረክሳል። ግን ሃምሳ ቀን ሱቅዎ ተዘግቶ ስንት ደብዳቤ ቀረ? የዕቃ ዋጋ ሻጩ የሚጠራው ብቻ አይደለም። የሚመጣበት ቀንም ዋጋ ነው።”

“ደብዳቤው ይቅር” አሉ አቶ ገብረየስ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። “እኔን የሚያስጨንቀኝ የሴቶቹ ስም ነው።”

ነገሩን እንዲህ ሲሉ ነገሯት። ማንጋቴን በሚባል ሰፈር አኮት የሚባል መምህር ለጎልማሳ ሴቶች ማንበብ ያስተምራል። ሠላሳ ስድስት ሴቶች ዘንድሮ ጨርሰዋል። በመጪው እሑድ ምስክር ወረቀት ይቀበላሉ። እያንዳንዳቸው ሱቃቸው ድረስ መጥተው ስማቸውን፣ የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም በቃል ነግረዋቸው፣ እሳቸውም እዚያው ኮምፒዩተሩ ላይ ጽፈዋል። ወረቀት ላይ የተያዘ የለም። ለእሑድ አደርሳለሁ ብለው ቃል ሰጥተዋል። ግማሾቹ አሁን ሥራ ፍለጋ የት እንዳሉ አይታወቅም፤ ለእሑዱ ብለው ይመጣሉ።

“ሜሞሪው ሞቷል ሲሉኝ ስሞቹም አብረው ሞተው ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ሸለብ ሲያደርገኝ ደግሞ አያቸዋለሁ። ሠላሳ ስድስት ሴቶች ባዶ ወረቀት ይዘው በሬ ላይ ይሰለፋሉ። አይወቅሱኝም። ዝም ብለው ያዩኛል።”

“አልሞቱም” አለች ኛዱኦት። “አባባ፣ ያድምጡኝ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሳጥን አለ፣ ጠረጴዛም አለ። ስሞቹ ያሉት ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ዲስኩ ላይ። ሜሞሪ ማለት ጠረጴዛው ነው። ከሳጥኑ አውጥቶ የሚዘረጋበት። የእርስዎ የተሰበረው ጠረጴዛው ነው።”

“እውነትሽን ነው?”

“እውነቴን ነው። ዛሬ እንየው።”

ሚኒባሷ ተንቀሳቀሰች። አቶ ገብረየስ ለሁለተኛ ጊዜ ወንዙን አዩ። አሁን ውኃው ይሄዳል፣ ድልድዩ ቆሟል።

*

የዓሊማ ሱቅ ከአንድ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ መደብር አጠገብ ነው። ዓሊማ ከወሎ፣ ከከሚሴ ተነስታ በካርቱም በኩል ጁባ የገባች ሴት ናት። አቶ ገብረየስን ደጃፍ ላይ ስታይ ከወንበሯ አልተነሳችም።

“ወደ ሌባ ቤት እንኳን ደህና መጡ!” አለች። “ቦርሳዎን ጠበቅ ያድርጉ።”

አቶ ገብረየስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። “ዓሊማ፣ ሰው ፊት ነው የተናገርኩሽ። አሁንም ሰው ፊት ነኝ። አጥፍቻለሁ።”

ዓሊማ እንዲህ ያለውን መልስ አልጠበቀችም። ጎረቤቶቿን ዞር ብላ አየች። “ይቀመጡ እስቲ” አለች፤ በርጩማም ገፋችላቸው።

“አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ” አሉ አቶ ገብረየስ ከተቀመጡ በኋላ። ሽማግሌው አጥፍቻለሁ ቢሉም ገና አልተረቱም። “ዕቃው አንድ ሆኖ ሳለ ከአዲስ አበባ ለምን ይወደዳል?”

“ጋሼ፣ ዕቃው አንድ ይሁን፤ መንገዱስ? የእኔ ከዱባይ ተጭኖ ሞምባሳ ይወርዳል። ከሞምባሳ ካምፓላ፣ ከካምፓላ ኒሙሌ ኬላ። በየደረሰበት እጅ ይነካዋል። ዝናብ ከጣለ መኪናው ጭቃ ውስጥ ያድራል። እዚህ ሲደርስ መብራት በጀነሬተር ነው፤ ቤንዚኑ የእኔ። ከአሥሩ አንዱ ተሰብሮ ይመጣል፤ እሱም የእኔ። ደግሞ ሁሉ ነገር እዚህ ይወደዳል ብለው አይፍረዱ። ባለፈው ወር አንድ የአገሬ ልጅ ከእኔ ላፕቶፕ ገዝቶ አዲስ አበባ ወስዶ አትርፎበታል። እዚያ ቀረጡ ከባድ ነው። አንዳንዱ እዚያ ይረክሳል፣ አንዳንዱ እዚህ። ለይቶ መጠየቅ ነው።”

ኛዱኦት በመሐረብ የተጠቀለለውን አቀበለቻት። ዓሊማ ወደ ብርሃን ዘወር አድርጋ መሃሉ ላይ ያለችውን ክፍተት አየች።

“ማፊ” አለች። በዚህ ከተማ ይህን ቃል የማያውቅ የለም፤ የለም ማለት ነው። “ይሄ የድሮው ዓይነት ነው፤ ያኔ የነበረኝ ተሸጧል። አዲሱ ሞልቶኛል፤ ዘጠና ፓውንድ። ግን ለእርስዎ ማሽን አይገባም። የድሮውን ካምፓላ ላዝዝልዎት እችላለሁ። ማክሰኞ ይደርሳል።”

“እሑድ ነው ቃሌ” አሉ አቶ ገብረየስ።

ከደጅ የሞተር ሳይክል ድምፅ መጥቶ ሄደ። አቶ ገብረየስ መሐረባቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

“የሞተ ማሽን የለሽም?” አለች ኛዱኦት።

ዓሊማ ከኋላዋ መጋረጃውን ገለጠችው። አቧራ የጠጡ አሮጌ ኮምፒዩተሮች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። መሥሪያ ቤቶች የጣሏቸው ናቸው። ኛዱኦት ቦርሳዋን ከፍታ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ከመጀመሪያው ያወጣችው ሜሞሪ የዓሊማ መሞከሪያ ማሽን ላይ ሲገጠም ጢጥ ጢጥ ጢጥ ብሎ ጮኸ። ያን ድምፅ አቶ ገብረየስ ከራሳቸው ኮምፒዩተር ያውቁታል። ሁለተኛው ሲገጠም አንድ ጊዜ ብቻ ጢጥ አለና ስክሪኑ በራ።

“መቶ አርባ” አለች ዓሊማ።

“አሮጌው ከአዲሱ ይወደዳል?”

“አዲሱን በየሱቁ ያገኙታል። አሮጌውን ፋብሪካው ትቶታል። ቢፈልጉ ማክሰኞ ይጠብቁ።”

አቶ ገብረየስ ዕቃው ሲሠራ በዓይናቸው አይተዋል። እስከ ዛሬ በሰው እጅ ካስመጡት ዕቃ ሁሉ፣ ሳይገዙት ሲሠራ ያዩት አንድም አልነበረም። ከፈሉ።

“ካላስ፣ አለቀ” አለች ዓሊማ፤ ሳቅ ብላ። “አሁን ሌባ አይደለሁም?”

“አሁን ጎረቤቴ ነሽ።”

ፀሐይ ሳትጠልቅ የአቶ ገብረየስ ኮምፒዩተር አንድ ጊዜ ጢጥ ብሎ ተነሳ። ስሞቹ ከላይ ወደ ታች ወረዱ። ሽማግሌው ወንበር ላይ ሳይቀመጡ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ፣ ሠላሳ ስድስቱንም አነበቡ። ኛዱኦት ለድካሟ ምንም አልተቀበለችም። ያችን የስልክ ሜሞሪ ግን በግድ አስያዟት። “መዝሙር ጫኝበት” አሏት።

*

ቅዳሜ ጠዋት ምስክር ወረቀቱን እያተሙ ሳለ ዳዊ ከሸሪካት መጣ። ነገሩን ሰምቶ ኖሮ ፊቱ ጠቁሯል።

“ጋሽ ገብሬ፣ እኔ እኮ የነገሩኝን ነው ያመጣሁት! ሻጩ ስልክህን አምጣ አለኝ፤ በራሴ ስልክ ላይ ገጥሞ አሳየኝ። ይሠራል! ጥሩ አድርጎ ይሠራል!”

አቶ ገብረየስ በዚያ ጥድፊያ መካከል ሳቁ። ሃምሳ ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር።

“አንተ አላጠፋህም ወንድሜ። እኔ ነኝ። ወረቀት ብሰጥህ ቅር ይልሃል ብዬ።”

ዳዊ መሬት መሬት አየ። “እውነቱን ልንገርዎት? አውሮፕላን ውስጥ ስለ ሜሞሪው ሳስብ ነው የሄድኩት። ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። እንዳልጠይቅዎት አፈርኩ። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው። ሰባት ሰው በቃል ያዝዘኛል፤ መንገዱን በሙሉ እንደ ጸሎት እየደጋገምኩት እሄዳለሁ። እንቅልፍ የለኝም። ወረቀት ቢሰጡኝ ኖሮ እተኛ ነበር።”

አቶ ገብረየስን የረታቸው ይህ ነው። የኛዱኦት ማስረዳት አእምሯቸውን አሳምኖት ነበር። የዳዊ ቃል ግን ልባቸውን ነካው። አክብሮት ያሉት ነገር፣ በወንድማቸው ራስ ላይ የተጫነ ሸክም ሆኖ ተገኘ።

የዚያን ቀን ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ካርቶን ሰቀሉ። የዕቃውን ሙሉ ስም፣ ዓይነቱንና መጠኑን፣ በጁባ፣ በካምፓላና በአዲስ አበባ ስንት እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ዋጋው የተጠየቀበትንም ቀን ጻፉ። የጎደለውን ኛዱኦትና ዓሊማ ሞሉላቸው። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ዕቃ ሲፈልግ መጀመሪያ ካርቶኑን ያያል። በአንድ ሳምንት የሚያስፈልገው ከዓሊማ ይገዛል፤ አይቶ፣ አስሞክሮ። መታገሥ የሚችል ከሌሎች ጋር ተሰባስቦ ካምፓላ በአንድ ጊዜ ያስመጣል፤ የጭነቱም ወጪ ይከፋፈላል። ከአዲስ አበባ የሚያስመጣ ናሙናውን ወይም ጽሑፉን ያስይዛል። መንገደኛው ይተኛል፣ ጠባቂው አይጨነቅም፣ ሻጭም በከንቱ ሌባ አይባልም። ይህ ሁሉ የመጣው በአንድ እስክሪብቶ ነው።

*

እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ማንጋቴን በቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ መምህር አኮት ምስክር ወረቀቶቹን አደለ። ሴቶቹ በደማቅ ልብሳቸው ተቀምጠዋል። አቶ ገብረየስ ዳር ይዘው ቆመዋል። ነፋሱ ወረቀቶቹን በሴቶቹ እጅ ላይ ያርገበግባቸዋል፤ ጥላው በሙሉ ክንፍ ያወጣ ይመስል ነበር።

ያር የምትባል አንዲት ጎልማሳ ሴት ወረቀቷን ከዓይኗ አቀረበች፣ አራቀች። ጣቷን በፊደሎቹ ላይ አስኬደች። ከዚያ ተነስታ ወደ አቶ ገብረየስ መጣች። አማርኛዋን ኢትዮጵያ በስደተኛ ካምፕ ሳለች ነው የለመደችው።

“አባባ፣ አንድ ፊደል ጎድሎኛል።”

“የት ላይ?”

“እዚህ። ዋይ፣ ኤ፣ አር። የእኔ ሁለት ኤ ነው ያለው። መምህር አኮት ነው ያሳየኝ።” ቀጥላም እንዳያዝኑባት ብላ ወረቀቱን ዝቅ አደረገች። “የነገርኩዎት በአፌ ነው። ያኔ መጻፍ አላውቅም ነበር።”

አኮት ሊያርማት ተነሳ። አቶ ገብረየስ በእጃቸው መለሱት። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ፣ የሞተው ሜሞሪ ከነበረበት፣ አንድ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጡ።

“ጻፊልኝ” አሏት።

ያር ተንበርክካ አግዳሚው ላይ ጻፈች። ዋይ። ኤ። ኤ። አር። ረዥም ጊዜ ወሰደባት፤ ማንም አላቻኮላትም። ጽፋ ስትጨርስ አጠገቧ ያለችው ሴት፣ “ለእኔም” አለች።

አቶ ገብረየስ ቀና ሲሉ ሴቶቹ ተነስተው ነበር። ሠላሳ ስድስቱም ተሰልፈው ባዶዋን ወረቀት ይጠባበቃሉ።